በክታብ የተሰፋ ሕመም

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልጄ አልማዝ ምሳ ላይ የጎረቤት ወሬ አመጣች። አልማዝ ነርስ ናት። በቁጣ አሳደግኋት፤ ጎበዝ ሆና ወጣች፤ ይህን ግን ፊት ለፊቷ ተናግሬ አላውቅም። የዚያን ቀን እጇን ታጥባ እንደ ተቀመጠች፣ «ከማዶ ያለችው ሴትዮ ዛሬ እኛ ዘንድ መጥታ ነበር። ምን እንደ ተገኘባት ብትሰሙ!» ብላ ጀመረች። እናቷ ጠጋ አለች። እኔ የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥሁ።

«ሴትዮዋ ለቤተ ሰብሽ ንገሪልኝ ብላሻለች?» አልኋት።

«ኧረ አባባ፣ በራችን ዝግ ነው። ማን ይሰማል?»

«እናትሽ ልትሰማ ነው። እኔም ልሰማ ነው። ነገ ጠዋት ደጃፍ ላይ ሳገኛት የማየው ጎረቤቴን ነው ወይስ በሽታዋን?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጣኸው ከሥራ ነው ወይስ ከሰው?» አለች ባለቤቴ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ከማዕዱ ተነሣሁ። አልማዝ ቁጣዬን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከየት እንደ መጣ ግን አታውቅም። ስለዚህ ይህን ጻፍሁላት። ሌላም ሰው ቢያነበው አይጎዳውም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በታች የማነሣውን በሽተኛ አናጢው እለዋለሁ። አናጢ አልነበረም። ሙያውን የለወጥሁት አውቄ ነው፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ የሚያውቁትም ያውቁታል። የማያውቁት ከእኔ እንዲያውቁት አልፈልግም።

የተወለድሁት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርሁት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ተቀምጬ ሌሎች ሲማሩ በመስማት ነው። የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ያወቅሁት ከመድኃኒት ጠርሙስ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ልደታ አጠገብ በነበረች አንዲት ትንሽ ሕክምና ቤት ውኃ አፍልቼ ፋሻ እያጠብሁ እውል ነበር። ባዶ ጠርሙስ እጠብ ሲሉኝ ላዩ የተለጠፈው ወረቀት እንዳይላቀቅ እየተጠነቀቅሁ አጥብና፣ ወደ ፀሐይ አዙሬ አንድ በአንድ ፊደሉን እለቅም ነበር። ሰነፍ ልጅ ዕድል አላገኘሁም ሲል የምቆጣው ለዚህ ነው።

ጣሊያን ሲገባ ሕክምና ቤቷን ወሰዳት። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ሄደው አንድ ሽማግሌ ዶቶሬ መጣ። ደመወዛችን በሊሬ ሆነ፤ የምንሞላው ወረቀትም በዛ። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ዶቶሬው ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ንጹሕ ነበር፤ ቁስል ሲያጥብም አይጣደፍም። ነገር ግን በየሳምንቱ አንድ ማሬሻሎ፣ ማለት የካራቢኔሪ አለቃ፣ ከአስተርጓሚና ለጣሊያን ከተቀጠሩ አገሬ ወታደሮች፣ ከአስካሪዎች ጋር እየመጣ የበሽተኞቹን መዝገብ ከፊቱ አንሥቶ ሲያነብ፣ ዶቶሬው መስኮቱን እያየ ሲጋራ ያጨስ ነበር። መዝገቡ የማን እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ግቢውን ማሰብ ዛሬም ደስ አይለኝም። ዙሪያው የጽድ ዛፍ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከሥሩ ብርሃን አይገባም። በዚያ ጥላ ውስጥ ሰው በየግንዱ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ብዙ ሰው ነበር፤ ድምፅ ግን አልነበረም። የከተማው ሰው ስሙ ሲጠራ ቶሎ አቤት አይልም ነበር፤ የማያውቁት ድምፅ ከጠራ እስከ ሦስተኛው መታገሥ ነው፣ ሞት ከሁለት ጊዜ በላይ አይጠራም ይባላል። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ግን ሦስተኛውንም የሚመልስ ጠፋ። ዶቶሬው ከደረጃው ላይ ሆኖ ከወረቀት ስም ያስጠራል። ግቢው ሙሉ ሰው ያየዋል፤ ማንም አይነቃነቅም። ዶቶሬው «እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም?» ብሎ አስተርጓሚውን ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስም ሳይጠሩ በሽተኛ የሚያስገቡት አለቃ ምትኩ ነበሩ። የሕክምና ቤቱ ድሬሰር፣ የእኔም አስተማሪ ናቸው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ደብተራ ሆነው ክታብ እየጻፉ ይሸጡ ነበር። «ለሰው ፍርሃቱን መልሼ እየሸጥሁ በላሁ» ብለው ያን ሥራ ጥለው፣ ከቀድሞዎቹ ሐኪሞች ቁስል ማሰርና መርፌ መውጋት ተማሩ። በዛፎቹ መካከል ቀስ ብለው ይሄዱና ባለ ተራው ትከሻ ላይ ሁለት ጣታቸውን ያኖራሉ። ሰውየው ይነሣል። በቃ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስለ በሽተኛ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«አለቃ፣ የእኛ ሰው ምን ሆኖ ነው የተኛው?»

«እሱን ጠይቁት።»

«ኧረ እኔ እኮ እናቱ ነኝ!»

«እንግዲያማ ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ይነግርዎታል። እሱን ይጠይቁት።»

ይህን ሲሉ አይቆጡም፤ አይስቁም። ማሬሻሎውም በአስተርጓሚ ሲጠይቃቸው ያንኑ ይሉ ነበር፤ አስተርጓሚው ሲተረጉም ላቡ ጠብ ይላል።

ነገሩ የተለወጠው ማሬሻሎው መዝገቡን ባነበበ በመጀመሪያው ወር ነው። ከሦስት ሰዎች ስም ትይዩ «የጥይት ቁስል» የሚል ጽሑፍ አገኘ። ሦስቱንም ከነፋሻቸው ከአልጋ አስነሥቶ ወሰዳቸው። አንደኛው ሲወጣ እኔን ዞር ብሎ ያየኝ ይመስለኛል፤ ምናልባት በሩን ነበር ያየው። አልተመለሱም። ጽሑፉን የጻፈው ዶቶሬው ነው፤ እውነቱን ነበር የጻፈው። አለቃ ምትኩ የዚያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲያ መዝገቡን የምንሞላው እኛ ሆንን፤ ዶቶሬው በፊርማው ያልፋል። በመዝገባችን ላይ የተመታ ሁሉ ከመሰላል የወደቀ ሆነ። በዚያ ዓመት በልደታ ሰፈር ከመሰላል ያልወደቀ ወንድ አልነበረም ማለት እችላለሁ። ማሬሻሎው አንድ ቀን መዝገቡን ዘግቶ አለቃን አስጠራቸው።

«እናንተ ሰዎች መሰላል ላይ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ጣራ እንጠግናለን ጌታዬ» አሉ አለቃ። «ጣራችን ተቃጥሎብናል።»

አስተርጓሚው ይህን እንዴት አድርጎ እንደ ተረጎመው እግዚአብሔር ይወቅ። ማሬሻሎው ግን ወጥቶ ሄደ።

ይሁን እንጂ አለቃ በዚህ አልተደሰቱም። «ሐሰተኛ መዝገብ ጠላትን ያታልላል» አሉኝ ፋሻ ስንጠቀልል። «ግን ነገ ይህን ሰው የሚያክመውንም ያታልላል። በሽተኛው እውነተኛ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። የሚያስፈልገው ግን ለእሱ ነው፤ ከእሱ ጋር ይሂድ።» ጥለውት የነበረውን የድሮ ሙያቸውን እንደ ገና ያነሡት ያን ጊዜ ነው።

ሥራውን ልግለጸው፤ ደኅና ሥራ ነበርና። አለቃ ከመጻፋቸው በፊት እጃቸውን እንደ ቁስል አጣቢ እስከ ክርን ይታጠባሉ። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቀመጡና በመዳፍ ልክ በተቆረጠች ብራና ላይ በመቃ ብዕር ይጽፋሉ፦ ቁስሉ ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ተደረገለት፣ ምን እንደማይስማማው። የሰውየው ስም አይጻፍም። ጽፈው ሲጨርሱ ለማንም በማይሰማ ድምፅ በበሽተኛው ጆሮ ያነቡለታል፤ በሽተኛው በአለቃ ጆሮ መልሶ ይላቸዋል። ከዚያ ብራናዋ ተጠቅልላ በሰም በተነከረ ጨርቅ ትታሰርና ወደ እኔ ትመጣለች። እኔ ባሕር አረብ በሚባለው ቀይ ቆዳ እሸፍናትና በወስፌና በጅማት እሰፋታለሁ። የመጨረሻው ቋጠሮ የእኔ ነው፤ ሳይቆረጥ አይፈታም። እንግዲህ ክታቡን የከፈተ ሰው ካለ በሽተኛው ማወቁ አይቀርም። አለቃ ይህን ቋጠሮ ሲያዩ፣ «ገመናህን ያየ ሰው መኖሩን ማወቅ መብትህ ነው» አሉ። ያን ቃል ዛሬም በትልልቅ ሕክምና ቤቶች አልሰማውም።

ክታብ ያላሰረ ሰው በከተማው ስላልነበረ አንገት ላይ ሌላ አንድ ቢጨመር የሚጠራጠር የለም። አስካሪዎቹም እንደ እኛው ናቸው። አንድ ቀን ከእነሱ አንዱ የአንድ በሽተኛ ክታብ ይዞ ጩቤውን መዘዘ።

«ምንድን ነው በዚህ ውስጥ ያለው?»

«ክፈተው ልጄ» አሉ አለቃ። «ዳዊት ደግሜበታለሁ። የትኛውን መዝሙር እንደ ደገምሁ ግን ከከፈትህ በኋላ ታውቀዋለህ።»

አስካሪው ክታቡን ከእጁ አላወረደውም፤ ጣቶቹ ራሳቸው ለቀቁት። አለቃ የዋሹ እንዳይመስላችሁ፤ በእያንዳንዷ ላይ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ዶቶሬው ሁሉንም ያይ ነበር፤ «የአረመኔ ነገር» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ በመኝታ ክፍሉ የእያንዳንዱ ሰው ሕመም በየአንገቱ ተሰፍቶ ተንጠልጥሎ ነበር። ወባ የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ክታቡ የአልጋውን ብረት ይመታል። ብዙዎቹ አንድ ላይ ሲንቀጠቀጡ በብዙ ጣት በር የሚንኳኳ ይመስላል። መጀመሪያ ሰሞን በሩን ልከፍት ተነሥቼ አውቃለሁ። የሞተ ሰው ክታብ ደግሞ ሳይነበብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቅርብ ዘመዱ እያየ ይቃጠላል። ይህም የአለቃ ሕግ ነበር።

አናጢው የመጣው በዚህ መካከል ነው። ጭኑ ላይ ቆስሎ ነበር፤ በመዝገባችን እንደ ሌሎቹ ከመሰላል ወደቀ። ትኩሳት ሲነሣበት አለቃ ክኒን ሰጡት። ዛሬ እንክብሉን ሁሉ ክኒን እንላለን፤ ያኔ ግን ክኒን ማለት ያ የወባ መራራ መድኃኒት ብቻ ነበር። በማግስቱ ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቆረ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አለቃ ወዲያው መድኃኒቱን አቁመው ውኃ እያጠጡ ከጎኑ ተቀመጡ። በብዙ ጭንቅ ተረፈ። «ይህ ሰው ሁለተኛ ክኒን ከቀመሰ ይሞታል» አሉኝ። ይህን በብራናው ላይ ጻፉ። ቁስሉንም ጻፉ። ሦስተኛም ነገር ጻፉ፤ እሱን ያወቅነው ስናስታምመው ነው፤ ሌላ ሕመም ነበር። እሱን አልናገርም።

አናጢው ስለዚያ ሦስተኛ ነገር እንቅልፍ አጣ። ነፍስ አባቱን አስጠራ፤ አባ አሉኝታ የሚባሉ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ መጡ። «አባ፣ ይህን ክታብ ይገዝቱልኝ። ሚስቴም እንዳታየው» አላቸው። አባ መስቀላቸውን ክታቡ ላይ አኑረው፣ «ከአለቃና ይህን ከሰፋው ልጅ በቀር የከፈተው፣ ያስከፈተውም፣ ውግዝ ይሁን» አሉ። ሚስቱ በራፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰማች። አለቃ ግዝቱን አልወደዱትም። ሰውየው ሲወጣ ለሚስቱ የነገሯት፣ «ሐኪም የሚያየው ከሆነ በዚህ ውስጥ ያለውን ሳናሳውቅ መድኃኒት አይውሰድ፤ እኛን ጥሪን» ብለው ነበር። ምን እንዳለበት ግን አልነገሯትም። ሕጋቸው ነበር፤ ለበሽተኛው ተነግሯል፣ ለሌላ አይነገርም።

ከወራት በኋላ ጣሊያኖቹ አናጢውን ከሌሎች ጋር ለመንገድ ሥራ ቆላ ወሰዱት። ወባ ይዞት ተመለሰ። ዘመዶቹ ነፍሱን ሳያውቅ ተሸክመው በቅርባቸው ወዳገኙት፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ ወደ ነበረ አንድ የሕሙማን ማረፊያ አስገቡት። እዚያ አንድ ወጣት ድሬሰር ነበረ፤ ደኅና ልጅ ነው፣ አወቅሁት በኋላ። መርፌውን ከማዘጋጀቱ በፊት ሚስቱን፣ «ከዚህ በፊት የታመመው አለ? የማይስማማው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቃት። መጠየቅ የሚገባውን ጠይቋል።

«በዚህ ውስጥ አለ» አለችው ክታቡን እያሳየች።

«እንክፈተዋ!»

«አይከፈትም፤ ግዝት አለበት።»

«እመቤቴ፣ ሰውየው እየነደደ ነው። ግዝቱን ለእኔ ያድርጉት።»

«ለአንተ አይደለም ለእሱ ነው የምፈራው። ሥጋውን ላድን ብዬ ነፍሱን ላስይዝ? የሰፉትን አመጣለሁ፤ ጠብቀኝ።» ክታቡን ከነጠላዋ ጫፍ በቀደደችው ጨርቅ ጠቅልላ ከአንገቱ ሥር ሸሸገችውና ሮጠች።

ልደታ ስትደርስ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሰማዩ በቀን ጨልሟል። አለቃ በዚያ ቀን ማሬሻሎው ወስዷቸው እየጠየቃቸው ነበርና ያገኘችው እኔን ነው። እሷን ሳያት ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የተቀደደ ነጠላዋን ያይ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ወስፌዬን ይዤ ተከተልኋት። ጭቃውን እየረገጥን ስንሮጥ፣ «አንተ ወንድሜ፣ ምን ይላል? ባሌን የሚያሰጋው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የባልሽ ነው፤ እሱን ጠይቂው» አልኋት።

የተማርሁት ይህንን ነበር። ብነግራት መንገዱ አያጥርም፤ እኛ ካልደረስን የሚቀየር ነገር አልነበረም። ግን ያን መልስ ስሰጣት ፊቷ ላይ የወረደውን ዛሬም አየዋለሁ።

ስንደርስ ወጣቱ ድሬሰር ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። መርፌው ተወግቷል። «ጠበቅሁ» አለ። «መንቀጥቀጡ ጠናበት፤ ትንፋሹ ሊያመልጥ ሆነ። ቆሜ ልየው?»

«ምን ወጋኸው?»

«ክኒን ነዋ፤ ወባ ነው።»

«ይህ ሰው ክኒን አይወስድም!» ብዬ ጮኽሁ። በክፍሉ ያለው ሁሉ ሰማ፤ እሷም ሰማች። በዚያች ቃል ክታቡ ሳይከፈት ተከፈተ፤ ሊከፈት የሚገባው ክፍል ግን ዘግይቶ ነበር።

ሦስታችንም ውኃ ስናጠጣው፣ ስናገላብጠው ቆየን። ሽንቱ ጠቆረ። ከዚያ ምንም አልመጣም። አንገቱ ላይ ያለው ክታብ የአልጋውን ብረት ይመታ ነበር፤ ከዚያ አቆመ። ሚስቱ እጇን ክታቡ ላይ አድርጋ፣ «ጠብቄልሃለሁ፤ አላስነካሁም» እያለች በጆሮው ትነግረው ነበር።

አለቃ በማግስቱ ተለቀቁ። ፊታቸው አባብጦ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝ። ሴቲቱን አልወቀሱም፤ ወጣቱንም አልወቀሱም፤ እኔንም አልወቀሱም። «እኔ ዘጋሁት» አሉ። «ጠላት እንዳይገባ ብዬ በሩን ዘጋሁ፤ ባለቤቱም ውስጥ ቀረ።» ከዚያ ሥራውን ለወጡ። ክታቡ ውጭውም እንዲናገር አደረጉ። ክኒን የማይስማማው ሰው በቆዳው ላይ አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ እንድሰፋለት አዘዙኝ። ጨሌ ይሁን ብላቸው፣ «ጨሌ የዛር ነው ይላሉ፤ ካህናቱ ያስፈቱታል። ቁልፍን የሚጠረጥር የለም» አሉ። የቁልፏን ነገር በየሕክምና ቤቱ ላሉት ድሬሰሮች በቃል አስነገሩ። ቁልፍ ያለበትን ክታብ ያየ መክፈት አያስፈልገውም። «የሚያድነው ከውጭ ይሁን፤ የሚሰወረው ከውስጥ ይሁን» አሉኝ። በኋላ በሠራሁባቸው የሕክምና ቤት የካርድ ክፍሎች ሁሉ፣ በየአለቆቼ ፊት፣ የተከራከርሁት ስለዚህች ቃል ነው። አንዳንዱ ሁሉንም ይገልጣል፤ አንዳንዱ ሁሉንም ይቆልፋል። ሁለቱም ስንፍና ነው። የትኛው የት እንደሚሆን ለእያንዳንዱ ሰው ማሰብ ነው ሥራው።

የአናጢው ክታብ ግን አልተቃጠለም። አለቃ ሊያቃጥሉት ሲሉ ሚስቱ አይሆንም አለች፤ ግዝት ያለበት ነገር እሳት አይገባም። ይፍቱት እንዳይባል አባ አሉኝታ በዚያው ሰሞን ከተማውን ለቀው ተሰውረዋል። ቤቷም ልታሳድረው አልፈለገችም። ስለዚህ በመድኃኒት ክፍሉ ምስማር ላይ ተሰቀለ።

ቆዳው ረጥቦ ነበር፤ አልደርቅ አለ። የትኩሳቱ ላብ ነው፣ ይደርቃል አልን። ሳምንታት አለፉ፤ ጣትህ ቢነካው ይረጥባል። አለቃ፣ «ጨው ነው፤ የላቡ ጨው የአየሩን እርጥበት ይስባል» አሉኝ። እኔም ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ዝናብ በሌለበት በጥር ፀሐይም አንድ ቀን ከሥሩ የነጠበ ጠብታ ወለሉ ላይ አግኝቻለሁ። በሽተኞች ከዚያ ግድግዳ ጋር የተያያዘውን አልጋ አንተኛም አሉ። በክፍሉ አንድም ወባ ያለበት ሰው ሳይኖር የዚያ አልጋ ብረት ሲንኳኳ የሰሙ ብዙ ናቸው። እኔ ሰምቻለሁ አልልም፤ አልሰማሁም ብዬም አልምልም። የሰማሁትን ነገር አለመመርመሬን ነው የማውቀው።

ጣሊያን ሲወጣ አባ አሉኝታ ተመለሱ። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። የአናጢው ሚስት እየመራች ወደ ሕክምና ቤቱ አመጣቻቸው። ያን ጊዜ ሰዎች፣ «ክታቡ ይከፈትና ባልሽ በጥይት መቁሰሉ ይነበብ፤ አርበኛ መሆኑ ይታወቅልሽ» ይሏት ነበር። ትናንት ሊያስገድለው የነበረው ጽሑፍ ዛሬ ክብር ሆኖላታል። ከቁስሉ ሥር ግን ያ ሦስተኛው ነገር ተጽፏል። እሷ ይህን አታውቅም። እኔና አለቃ እናውቃለን፤ ዝም አልን።

አባ መስቀላቸውን በዳበሳ ክታቡ ላይ አኖሩና፣ «ፈትቼዋለሁ፤ አንቺንም ፈትቼሻለሁ ልጄ። ባልሽን የገደለው ግዝቱ ነው ብለሽ እንዳትኖሪ፤ ካለም በእኔ ላይ ይሁን» አሏት። አለቀሰች። ከዚያ አለቃ መቀሱን ወደ እሷ ገፉት።

መቀሱን አንሥታ አየችው። ብትከፍት ክብር አለ፤ ምን እንደሚከተል ግን አታውቅም። ቋጠሮው የእኔ ነው፤ ቢቆረጥ አንድ ጊዜ ነው የሚቆረጠው።

«ግዝቱ ይፈታ» አለች በመጨረሻ። «ክታቡ ግን አይከፈት። በሕይወት እያለ ለእኔ ያልነገረኝን ሞቶ ላስለፈልፈው? ብቻ ለልጄ አንዲት ነጭ ቁልፍ ስፋለት። እንደ አባቱ ደሙ ቢሆንስ?»

ይህ ነገር ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ እንደሆነ ያኔ አናውቅም ነበር። ሰፋሁለት። የልጁ ክታብ ውስጡ ባዶ ነበር፤ የሚያስፈልገው ውጩ ላይ ነው።

አለቃ ምትኩ ካረፉ ቆይቷል። የአናጢውን ክታብ ለእኔ ትተውልኛል፤ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይዤው ዞርሁ። ግዝቱ ስለ ተፈታ ላቃጥለው እችል ነበር። ያላቃጠልሁት የቅርብ ዘመዱ ቆሞ ማየት ስላለበት ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ማየት አልፈለገችም። አሁን ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለአልማዝ ሰጠኋት። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ቀስ ብላ አነበበችው። ሲያልቅ ወረቀቱን አስተካክላ አስቀመጠች። ስለ ማዶዋ ሴትዮ ምንም አላለችም፤ እኔም አላነሣሁባትም። ከዚያ ቀና ብላ ክታቡን አየች። በጋ ነው፤ ከተማው አቧራ ነው። ተነሥታ በአንድ ጣቷ ነካችው፤ ጣቷን አየችና በቀሚሷ ጠረገች።

«አባባ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስተኛው ነገር ምን ነበር?»

«እሱን ጠይቂው» አልኋት።